የቆላ መንገድና የነጋዴው ፒክአፕ ፤ ሞተርን ስለ ማቀዝቀዝና ዕቃን በሥርዓት ስለ መያዝ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጭነቱን የሚያመላልስበትን ካሚዮን በየጊዜው ያስመረምራል ፤ ወኪሉ ወይም እርሱ ራሱ የሚሄድበትን ፒክአፕ ግን እንደ ጫማ ቈጥሮ እስኪቀደድ ድረስ ይረግጠዋል። ነገር ግን ከካሚዮኖቹ ቀድሞ ገበያ የሚደርሰው፥ ዋጋ የሚጠይቀው፥ ገንዘቡንና ደረሰኙን የሚያመላልሰው ይኸው ትንሽ መኪና ነው። እርሱ በመንገድ ላይ በቆመ ጊዜ ከኋላው ያለው ሥራ ሁሉ አብሮት ይቆማል።

በመርካቶ መደብር ያለው አንድ የጨው ነጋዴ ይህንን የተረዳው በ2015 ዓ. ም. በግንቦት ወር ነው። ባለ ሁለት ጋቢና የናፍጣ ፒክአፑን ሳሙናና የምግብ ዘይት አስጭኖ፥ ወኪሉን አሳፍሮ ወደ አፍዴራ ላከው። ወኪሉ ሸቀጡን ለባለ ሱቆች አስረክቦ በዚያው የሦስት ካሚዮን ጨው እንዲዋዋል ታዝዞ ነበር። ካሚዮኖቹም ኮምቦልቻ ላይ ጥሪ ይጠባበቁ ነበር።

ከሰርዶ አልፎ ወደ አፍዴራ በሚገነጠለው መንገድ ላይ ጥቂት እንደ ተጓዙ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀይ ዘለለ ፤ ወዲያውም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ነፋሱ ከኋላ ይነፍስ ስለ ነበር በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ጥቂት ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ውሃ ቢፈልግ፥ ሁለቱ ጀሪካኖች ከጋቢናው ሥር በሳሙና ካርቶኖች ተቀብረው ኖረዋል ፤ የመፍቻው ከረጢትም ከእነርሱ ጋር ነበር። ካርቶኑን ሁሉ በፀሐይ ላይ አውርዶ ውሃውን ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ረዳቱ ግን እስከዚያ መታገሥ አቅቶት ሸሚዙን በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ፈታው። የታፈነው እንፋሎት ገንፍሎ ክንዱንና ደረቱን አቃጠለው። በመጨረሻም ውሃው በተገኘ ጊዜ፥ ከድንጋጤ የተነሣ በጋለው ሞተር ውስጥ አንድ ጊዜ ተገለበጠበትና ቴስታታው ተሰነጠቀ።

ፒክአፑ በካሚዮን ተጎትቶ ወደ ሎግያ ተመለሰ ፤ ረዳቱም ወደ ሐኪም ተወሰደ። ወኪሉ በሰው መኪና አፍዴራ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ሻጩ ጨውን በቦታው ለተገኘ ሌላ ነጋዴ ሰጥቶት አገኘው። ኮምቦልቻ የቆሙት ካሚዮኖችም የቆሙበት ቀን ታስቦ ተከፈላቸው።

መኪናው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የመረመረው መካኒክ በሥራው የሸመገለ ሰው ነበር። ነጋዴው፥ «አባባ፥ ራዲያተሩ እኮ አዲስ ነው ፤ ያስገባሁት ባለፈው ዓመት ነው» ቢላቸው፥ ሽማግሌው ሳቅ ብለው፥ «ልጄ፥ ይህ ሞተር የሞተው ሰርዶ ላይ አይደለም ፤ የሞተው እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ በአንድ ዕቃው ሲወልቅበት ነው» ብለው መለሱለት።

እውነትም ሲታይ፥ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ቴርሞስታቱን ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። በቬንቲላተሩ ዙሪያ የሚገጠመው የፕላስቲክ ከለላ በተሰበረ ጊዜ የተካው የለም። ከፊት ለፊትም ሁለት ትልልቅ የጭጋግ መብራቶችና የንግድ ቤቱ ስም በቀለም የተጻፈበት የላሜራ ሰሌዳ ተሰቅለው የአየሩን መግቢያ ዘግተውታል። ሰሌዳው ለማስታወቂያ መልካም ሳይሆን አልቀረም።

ከእነዚህ ጥፋቶች ሁሉ በዋጋ ትንሹ፥ በጉዳት ግን ትልቁ ክዳኑ ስለ ሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። ናፍጣ በሞተር ውስጥ ሲነድ ከሚሰጠው ኀይል ለሥራ የሚውለው ከሢሶ ጥቂት ቢበልጥ ነው ፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በማርሚታ ከጢስ ጋር፥ ከፊሉ ደግሞ በውሃው አማካይነት በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ፥ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውሃ ግን በደኅናው ጊዜ እንኳ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ ደጋ ላይ ሞተር ሁሉ የማይፈላው ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ነው።

በብዙ ፒክአፖች ክዳን ላይ 88 ወይም 0.9 የሚል ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው በኪሎ ፓስካል፥ ሁለተኛው በካሬ ሴንቲ ሜትር በኪሎ ሲሆን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግፊት ያመለክታሉ። ይህ ግፊት በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላበትን ከ92 ወደ 114 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ምንጩ ሲደክም ባለ መኪናው 22 ዲግሪ ያህል መከታ ያጣል ማለት ነው። ከዚህም በቀር በክዳኑ መካከል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከመጠባበቂያው ዕቃ መልሳ የምትስበው እርሷ ናት ፤ እርሷ ከተበላሸች ውሃው በየቀኑ ይጎድላል። «ከሆነስ የበለጠ የሚያፍን ክዳን ልግዛ» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። አምራቹ ካዘዘው በላይ የሆነ ክዳን የጎማ ቱቦውን ወይም የራዲያተሩን የፕላስቲክ ራስ ያፈነዳዋል።

ቴርሞስታትን ማውጣት በአገራችን ጋራዦች የቆየ ልማድ ነው። የሚሰጠው ምክንያት ለጆሮ የሚጥም ነው ፤ ውሃው የሚያግደው ነገር ከሌለ በብዛት ይዞራል፥ ሞተሩም ይበርዳል ይባላል። ነገር ግን በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እርሱ በወጣ ጊዜ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። በደጋ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ናፍጣ ያባክናል፥ ቶሎም ያረጃል ፤ በቆላ ደግሞ ሊበርድ ሲፈለግ አይበርድም። ቴርሞስታት ደኅና መሆኑን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ እንኳ አያሻም። በድስት ውሃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ፥ ቴርሞሜትር ከጎኑ አድርጎ ማሞቅ ነው። በላዩ ላይ በታተመው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ከጀመረ ይሠራል ፤ ውሃው እስኪፈላ ካልተከፈተ ወይም ሳይሞቅ ክፍት ከሆነ መጣል አለበት።

ራዲያተር ሙቀት የሚያስወግደው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ውሃው 95 ዲግሪ ፥ የአዲስ አበባ አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው። አየሩ 42 ዲግሪ በሆነበት በአፋር ቆላ ግን 53 ብቻ ይሆናል። ያው ራዲያተር ከጉልበቱ ወደ ሢሶ የሚጠጋውን አጣ ማለት ነው ፤ የቆላ አየር ወፈር ያለ በመሆኑ የሚክሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። የመልሱ ጉዞም የራሱ ፈተና አለው። በባቲና በኮምቦልቻ በኩል የሚመለስ መኪና 1300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፥ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ፥ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ስለሚሄድ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ኢምንት ነው። አሸዋ ላይም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ቦታዎች መኪናውን የሚያተርፈው ቬንቲላተሩ ብቻ ነው።

ቬንቲላተር ከለላው ከሌለው በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን አየር መሳብ ትቶ በዙሪያው ያለውን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያማስላል። ስለዚህ ከለላው ጌጥ አይደለም ፤ ዋናው ከጠፋም በላሜራ አሠርቶ መግጠም ይቻላል። ደግሞም የብዙ ፒክአፕ ቬንቲላተር በሲሊኮን ዘይት በሚሠራ ማያያዣ ይሽከረከራል። ሞተሩ ግሎ ሲጠፋ ቬንቲላተሩን በእጅ ቢገፉት እየከበደ ጥቂት ዞሮ መቆም ይገባዋል ፤ እንደ ልጆች መጫወቻ በነፃ የሚዞር ከሆነ ዘይቱ አልቋል። የቺንጋው መላላትና የውሃ ፓምፑ መንጠባጠብ ማንም ሾፌር የሚያውቀው ስለ ሆነ እዚህ አይዘረዘርም።

ብዙ ሰው ሞተር ሲፈላበት መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ራዲያተር ነው ፤ መግዛት የሚገባው ግን በመጨረሻ፥ ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ከገዛም ምርጫው በሁለት ይከፈላል። የመዳብ ራዲያተር ከባድና ውድ ቢሆንም በየከተማው ባለ ብየዳ በቆርቆሮ ሊጠገን ይችላል። አሉሚኒየሙ ቀላልና መልካም አቀዝቃዥ ነው ፤ የፕላስቲክ ራሱ በበረሃ መካከል የተሰነጠቀበት ሰው ግን የሚጠግንለት አያገኝም። ከሎግያ ወዲያ ለሚሄድ መኪና መዳቡ ይመረጣል። የቱም ቢሆን ክንፎቹ እጅግ የተቀራረቡት በአቧራና በነፍሳት ቶሎ ይደፈናሉ ፤ ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ ከሞተሩ ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እየረጩ ማጠብ ያስፈልጋል። በኀይለኛ ግፊት መምታት ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ውሃውን በተመለከተ፥ ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ መቅረት ይገባዋል። በእኛ አገር ዋና ጥቅሙ ዝገትን መከላከሉና የሚፈላበትን ዲግሪ በጥቂቱ ማሳደጉ ነው። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ሳይቀላቀል ለብቻው ቢጨመር ሙቀት የመሸከም ችሎታው ከውሃ ስለሚያንስ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የስምጥ ሸለቆ የጕድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ በመሆኑ በቧንቧዎቹ ውስጥ እንደ ጀበና ቅራሪ ይጋገራል ፤ በጭንቅ ጊዜ ከገባም ቤት ሲደርሱ መቀየር አለበት።

በመሪው ፊት ያለው መርፌም ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች መርፌው ሙቀቱ ሃያ ዲግሪ ያህል ቢለዋወጥም ከመካከል እንዳይነቃነቅ ሆኖ የተሠራ ነው ፤ በተነቃነቀ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ዲግሪውን በቍጥር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ በጋቢናው ውስጥ ማስገጠም ይበጃል። ስሜቱን የሚወስደው ጫፍ በቴስታታው ብረት ላይ ቢታሰር የተሻለ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ በውሃ ውስጥ የተነከረው መለኪያ ባዶ እንፋሎት ስለሚለካ ሊዋሽ ይችላልና።

እስከዚህ የተነገረው ሞተሩ እንዳይፈላ ነው። የነጋዴው ረዳት የተቃጠለውና ቴስታታው የተሰነጠቀው ግን ውሃው ከጭነት ሥር ተቀብሮ ስለ ነበር ነው። የሙቀትና የዕቃ አያያዝ ጉዳይ የማይነጣጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴውም ሞተሩን ካሳደሰ በኋላ ወደ አናጢና ወደ ብረት ሠሪ ዞረ።

ከመጫኛው ወለል ላይ በካሬ ብረት አጽም የተያዙ፥ በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ የተሠሩ ሁለት ዝቅተኛ መሳቢያዎች ተገጠሙ። ከፍታቸው ከ25 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም ፤ በላያቸው ላይ ጭነቱ በሰፊው ይደረደራል። የኋላው በር ሲከፈት ከጭነቱ አንድ ካርቶን ሳይነካ መሳቢያዎቹ ይሳባሉ። ቀድሞ የሚፈለገው ክሪኩ፥ ለአሸዋ የሚሆነው የክሪክ ማስቀመጫ ሳንቃ፥ የቆዳ ጓንትና ባትሪ በአፋቸው ላይ ናቸው። ከእነርሱ ወዲያ መፍቻዎቹ በሸራ ተጠቅልለው፥ መለዋወጫ ቺንጋ፥ የላይና የታች የጎማ ቱቦ ከነማሰሪያ ቀለበታቸው፥ አንድ ክዳንና አንድ ቴርሞስታት ይገኛሉ። በክዳኖቻቸው ውስጥ የዕቃው ዝርዝር ተለጥፏል ፤ የጎደለ ነገር ካለ ከመነሣት በፊት ይታያል። የአፋር አቧራ በኋላው በር ስንጥቅ እየተሳበ ስለሚገባ በበሩ ዙሪያ የጎማ ጥብጣብ ተለጠፈበት።

ውሃው ከመሳቢያው ውጭ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ከጋቢናው ጀርባ በግራና በቀኝ በብረት መያዣ ቆመው፥ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ሸራውን ሳይፈታ እንዲያወጣቸው ሆነው ታሰሩ። ይህ የሞተሩ ውሃ ነው። የሰው ውሃ ለብቻው፥ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር በማያንስ ስሌት ይያዛል ፤ ሁለቱን መቀላቀል በጭንቅ ሰዓት ክፉ ምርጫ ያመጣል።

የክብደቱም ስፍራ ታስቦበታል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ከኋለኛው ጎማ ፊት ይቀመጣል። ከጎማው ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ጭነት የመኪናውን አፍንጫ አንሥቶ መሪውን ያቀለዋል ፤ በጎርበጥባጣ መንገድም ሻንሲውን ከጋቢናው ጀርባ ላይ ያጎብጠዋል። ባሌስትራ ማስደረብ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል እንጂ የሻንሲውን አቅም አይጨምርም ፤ ብዙዎች የሚታለሉት በዚህ ነው። በፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ቀላል ዕቃ ብቻ ነው። ከላይ የተቆለለ ጭነት መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል፥ ነፋስም እየገፋ ሞተሩን ያለ ጥቅም ያግለዋል። ስኮርታውም ሆነ ጀሪካኑ ከራዲያተሩ ፊት ከቶ አይሰቀልም። ያ የላሜራ ሰሌዳ ደግሞ አሁን በኋላው በር ላይ ተጠርንፏል።

መሳቢያዎቹ፥ መፍቻዎቹና ውሃው አንድ ላይ ሲመዘኑ 150 ኪሎ ያህል ሆኑ። እንግዲህ ፒክአፑ በየጉዞው አንድ ኩንታል ተኩል ሸቀጥ ይቀርበታል። የንግድ ቤቱ ሒሳብ ያዥ ይህንን አልወደደውም። ነጋዴው ግን የሎግያውን መጎተቻ፥ የቴስታታውን ዋጋና የካሚዮኖቹን የመቆሚያ ሒሳብ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከፊቱ አስቀመጠለትና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሾፌሩም የሚያደርገው ተነግሮታል። ዲግሪው ሲወጣ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፥ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፥ የጋቢናውን ማሞቂያ ይከፍታል ፤ ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ስለሚያገለግል ላብ ቢያጠምቅም ይረዳል። ያም ካልበቃ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቆማል። ውሃው በቦታው ካለ ሞተሩን በዝግታ ያሠራዋል ፤ እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው ያጠፋዋል። ክዳኑ የሚነካው የላይኛው ቱቦ በእጅ ሊያዝ እስኪችል ከበረደ በኋላ ነው። ውሃም የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ይህ ነገር አስመጪዎችንና ባለ መደብሮችንም ይመለከታል። በ2016 ዓ. ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል ፤ የመለዋወጫ ገበያውም በዚያው መጠን ከባድ ኀላፊነት አለበት። ግፊቱ ያልተጻፈበት ክዳን፥ ዲግሪው ያልታተመበት ቴርሞስታት፥ ቀለም የገባበት ውሃ ሆኖ ኩላንት ተብሎ የሚሸጥ ጀሪካን በየመደርደሪያው ላይ ሊገኝ ይችላል። አስመጪው ለናሙና ከሚመጣለት ኩላንት ጠብታ ወስዶ በእጅ በሚያዝ የብርሃን መለኪያ ቢያይ ቅይጡን ወዲያው ያውቀዋል። ባለ መደብሩም ክዳን ለጠየቀው ገዢ ከመሸጡ በፊት የሞተሩን ዓይነትና በአሮጌው ክዳን ላይ የተጻፈውን ቍጥር ቢጠይቅ፥ ገዢውን አንድ ደቂቃ ያስቆመው ይሆናል።

ፒክአፑ በ2016 ዓ. ም. ሚያዝያ ውስጥ እንደ ገና ወደ አፍዴራ ወረደ። ከሰርዶ ወዲያ መለኪያው 96 ፥ በመልሱ ደግሞ ጣርማ በርን ሲወጣ 101 አሳየ ፤ ከዚያ አላለፈም። ረዳቱ ያው የቀድሞው ሰው ነው። ክንዱ ቢሽርም ጠባሳው አለ። አሁን የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍተው እርሱ ብቻ ነው፥ ሾፌሩን እንኳ አያስጠጋውም ፤ የቆዳ ጓንቱንም በመሳቢያው አፍ ላይ በራሱ እጅ ምስማር መትቶ ሰቅሎታል።